በአየርላንድ የገጠር መንገዶች የሰባት ቀን የሞተር ሳይክል ጉዞ ማቀድ፦ ዝርዝር መመሪያ

የአየርላንድ ደሴት ከሰሜን ጫፏ እስከ ደቡብ ጫፏ 500 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። ካርታዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘረጋ ሞተረኛም በአንድ ሳምንት ዙሪያዋን ጨርሶ የሚመለስ ይመስለዋል፤ ብዙ ዕቅዶች የሚበላሹትም እዚሁ ላይ ነው። ከኪንሴል ከተማ ተነሥቶ የምዕራቡን ባሕር ዳርቻ እየተከተለ እስከ ዶኔጋል ሰሜናዊ ጫፍ የሚዘልቀውና በ2014 የተመረቀው ዋይልድ አትላንቲክ ዌይ የተባለው የጉብኝት መስመር ብቻውን 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ዳርቻው በባሕር ወሽመጦች የተሸነሸነ ስለሆነ፣ ከውኃው ማዶ በዓይን የሚታይ መንደር በመንገድ ሲሄዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊርቅ ይችላል፤ መንገዱም ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚመክረው ጉዞውን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት መለካትን፣ ከደሴቲቱም አንዱን ክፍል መርጦ የቀረውን ያለ ጸጸት መተውን ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው ጉዞ ከደብሊን ተነሥቶ በዊክሎው ተራሮች፣ በደቡብ ምዕራቡ ባሕረ ገብ መሬቶችና በኮነማራ በኩል ዞሮ ወደ ደብሊን የሚመለስ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ሰዓቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፈዋል።

1. ሰነዶችን አስቀድሞ ማስተካከል

አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ከሸንገን ስምምነት ውጭ ናት። የሸንገን ቪዛ ወደ ደብሊን አያስገባም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰውም በጀርመን፣ በስዊድን ወይም በእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረው እንኳ በመርሕ ደረጃ የአየርላንድን ቪዛ ለብቻው ማውጣት ይኖርበታል። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚጓዙ ወገኖች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባው ነገር አለ፦ ቀድሞ በበርካታ የአውሮፓ አገሮች የተሰጠ የስደተኛ ሰነድ ያለ ቪዛ ያስገባ ነበር፤ ይህ አሠራር ግን በጁላይ 2022 ተቋርጧል። የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅበትም። ሰሜን አየርላንድ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ስለሆነች በድንበሩ ላይ የፓስፖርት ኬላ ባይኖርም ለመሻገር የዚያ አገር የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኬላ አለመኖሩ ሕጉ የለም ማለት አይደለም። የቪዛ ደንብ የሚለዋወጥ ነገር በመሆኑ ትኬት ከመግዛትዎ በፊት በአየርላንድ የኢሚግሬሽን አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ የራስዎን ሁኔታ ያረጋግጡ።

መንጃ ፈቃድን በተመለከተ፣ ጎብኚ የሆነ ሰው በአገሩ የተሰጠውን የጸና መንጃ ፈቃድ ይዞ እስከ 12 ወር ድረስ ማሽከርከር ይችላል። ፈቃዱ ግን የሞተር ሳይክልን ምድብ የሚያካትት መሆን አለበት፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ ብቻ ይዞ ትልቅ ሞተር መንዳት ከሕጉም በላይ ኢንሹራንሱን ዋጋ ያሳጣዋል። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣትም ከአከራይ ጋር የሚደረገውን ክርክር ያሳጥራል።

2. ወቅቱን መምረጥ

በአየርላንድ የዝናብ ወቅት የሚባል ነገር የለም፤ ዝናብ በማንኛውም ወር በማንኛውም ቀን ሊመጣ ይችላል። ይሁንና ልዩነት አለ፦ በምሥራቁ ክፍል በዓመት ከ750 እስከ 1,000 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ፣ ከአትላንቲክ የሚመጣውን እርጥብ ንፋስ በቀጥታ የሚቀበሉት የምዕራቡ ተራሮች ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ያገኛሉ። ከዓመቱ ወራት ፀሐይ በብዛት የምትታየው በሜይና በጁን ነው። በጁን ማገባደጃ በኬሪ አውራጃ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 22:00 ገደማ በመሆኑ፣ ጠዋት ዝናብ ያሰረው ሞተረኛ ከምሳ በኋላ ተነሥቶም የቀኑን መንገድ ሳይጨልምበት መጨረስ ይችላል። ጁላይና ኦገስት ይሞቃሉ፤ ነገር ግን የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነ ማረፊያ ይወደዳል፣ ጠባቡም መንገድ በተጎታች ቤቶችና በአስጎብኚ አውቶቡሶች ይሞላል። ምርጫው የእኔ ቢሆን ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ ያለውን ጊዜ ከሌላው ሁሉ አስቀድማለሁ።

ቀኑን ከመቁረጥዎ በፊት የበዓላቱን መቁጠሪያ ይመልከቱ። የሜይ፣ የጁንና የኦገስት የመጀመሪያ ሰኞዎች የሕዝብ በዓላት ስለሆኑ የከተማው ሰው ከቅዳሜ ጀምሮ ወደ ምዕራብ ይጎርፋል። በጁላይ መጀመሪያ የኬሪ ቀለበት በተባለው የዙር መንገድ ላይ ለበጎ አድራጎት የሚካሄደው የብስክሌት ጉዞ ሺህዎችን ወደ አንድ መንገድ ያወጣል፤ ከኦገስት 10 እስከ 12 ደግሞ በኪሎርግሊን ከተማ ፑክ ፌር የተባለው ጥንታዊ የገበያ በዓል ይከበራል። በእነዚህ ቀናት በአካባቢው አልጋ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

3. ሞተሩን ማግኘትና መፈተሽ

በእንግሊዝ ወይም በፈረንሳይ የሚኖር ሰው የራሱን ሞተር በመርከብ ይዞ መግባት ይችላል፦ ከሆሊሄድ ወደ ደብሊን ከሦስት ሰዓት ትንሽ በላይ ይወስዳል፤ ከፊሽጋርድና ከፔምብሮክ ወደ ሮስለር፣ ከሼርቡር ወደ ሮስለርና ወደ ደብሊን፣ ከሮስኮፍም ወደ ኮርክ የሚሄዱ መርከቦች አሉ። በመርከቡ ላይ ሞተሩ በማሰሪያ ስለሚታሰር፣ ማሰሪያው መቀመጫውን እንዳይጎዳው የሚያደርግ ጨርቅና ጓንት በእጅ ቢያዝ መልካም ነው። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ግን ደብሊን ውስጥ ቢከራይ ይሻለዋል።

ሲከራዩ ከዋጋው በፊት አራት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ አደጋ ቢደርስ ከኪስዎ የሚከፈለው ከፍተኛ መጠን ስንት እንደሆነ፣ ማስያዣው በክሬዲት ካርድ ብቻ የሚያዝ መሆን አለመሆኑን፣ ወደ ሰሜን አየርላንድ መሻገር መፈቀዱን፣ ጎማ ቢተነፍስ ማን እንደሚመጣ። ስለ ሞተሩ መጠን ብዙ ሰው ይሳሳታል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ከ500 እስከ 800 ሲሲ ያለው፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት፣ ቀለል ያለ ሞተር ከግዙፉ ይልቅ ያስደስታል፤ ቁልቁለት ላይ ከትራክተር ጋር ተፋጥጠው በጠጠር ላይ ወደ ኋላ መግፋት ሲኖርብዎ የ250 ኪሎ ግራም ሞተር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል። በሚረከቡበት ጊዜ የጎማውን ጥርስ፣ የፍሬን ሸራውን፣ የካቴናውን ውጥረት ይመልከቱ፤ እያንዳንዱንም ጭረት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ።

4. የመንገዱን ዓይነትና የቀኑን ርቀት ማስላት

በአየርላንድ ሪፐብሊክ መንገዶች በአራት ፊደሎች ይለያሉ። ኤም ፈጣን አውራ ጎዳና ሲሆን ገደቡ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኤን ብሔራዊ መንገድ ሲሆን በመደበኛነት 100፣ አር የአካባቢ ማገናኛ ሲሆን 80 ነው። ኤል የሚባሉት የገጠር መንገዶች ቀድሞ 80 የነበረው ገደባቸው ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025 ጀምሮ ወደ 60 ዝቅ ብሏል። እውነቱን ለመናገር ግን በብዙዎቹ ላይ 60 ራሱ ሕልም ነው፤ አንዳንዶቹ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ፣ በመካከላቸው ሣር የበቀለባቸው ናቸው። በሰሜን አየርላንድ ደግሞ ፊደሉ ይለወጣል፣ ገደቡም ርቀቱም በማይል ይጻፋል።

ስለዚህ ዕቅድ ሲያወጡ በአር መንገድ ላይ በአማካይ በሰዓት 50፣ በኤል መንገድ ላይ ደግሞ ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ብቻ ይያዙ። የስልክ ካርታ የሚሰጠውን ሰዓት አይመኑ፤ ካርታው ፎቶ ለማንሣት፣ በግ ለማሳለፍ፣ የዝናብ ልብስ ለመልበስና እንደገና ለማውለቅ የሚቆሙትን አይቆጥርም። ስድስት ሰዓት በኮርቻ ላይ መቆየት ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው፤ ይህም በአማካይ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይመጣል። አንድ ወይም ሁለት ቀን ወደ 250 ሊደርስ ይችላል፤ ውብ በሆነው ቦታ ላይ ግን ቀኑ ወደ 150 ዝቅ ማለት አለበት። ዕቅድዎ በየቀኑ 300 ኪሎ ሜትር የሚያሳይ ከሆነ፣ ቦታ ይቀንሱ እንጂ ከሌሊት ተነሥቼ እደርስበታለሁ አይበሉ።

5. መስመሩን መዘርጋት

የመጀመሪያው ቀን ከደብሊን በስተደቡብ በአር 115 መንገድ ይጀምራል። ይህ መንገድ ዛሬም የወታደሩ መንገድ እየተባለ ይጠራል፤ ከ1798ቱ ዓመፅ በኋላ በዊክሎው ተራሮች የተሸሸጉትን ዓመፀኞች ለማሳደድ የእንግሊዝ መንግሥት ከ1800 እስከ 1809 ያሠራው ስለሆነ ነው። ረግረጋማውን አምባ አቋርጦ ሳሊ ጋፕ ላይ ሲደርሱ ዋና ከተማው ከኋላዎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል፤ ቤት ግን አይታይም። መንገዱ በረግረግ ላይ የተነጠፈ በመሆኑ እንደ ማዕበል ይነሣል ይወድቃል፤ በፍጥነት የሚያልፍ ሰው መሪው በእጁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። ከላራ መንደር አጠገብ የግሌንዳሎክን ጥንታዊ ገዳም ፍርስራሽ አይተው በአር 756 ዊክሎው ጋፕን ያቋርጡ፤ ከዚያም በባልቲንግላስ፣ በቦሪስና በግሬግናማና በኩል ወደ ኪልኬኒ ይውረዱ። ጠቅላላው ከ170 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ነው።

ሁለተኛው ቀን 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የማለፊያ ቀን ነው፤ ሆኖም በመካከሉ ሁለት ጥሩ ቦታዎች አሉት። የመጀመሪያው ከክሎጊን ወደ ሊዝሞር የሚያሻግረው፣ ቪ የተባለው ተራራማ መንገድ ሲሆን፣ በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ ሮዶደንድረን የተባለው ቁጥቋጦ በሐምራዊ አበባ ይሸፍነዋል። ሁለተኛው ከማክሩም በአር 584 ወደ ባንትሪ ወሽመጥ የሚወስደውና ኪማኒ በተባለው የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ነው። ማደሪያው ግሌንጋሪፍ ይሁን።

ከጉዞው ሁሉ አንድ ቀን ብቻ ምረጡ ቢባል ሦስተኛው ይመረጣል። ቢራ የተባለው ባሕረ ገብ መሬት የጎረቤቱን የኬሪ ቀለበትን ያህል ስም የለውም፤ መንገዱም ለትልልቅ አውቶቡሶች ስለሚጠብብ ሕዝብ አይበዛበትም። ከግሌንጋሪፍ ወደ አድሪጎል ይሂዱና ወደ ቀኝ ታጥፈው በአር 574 ሂሊ ፓስ የተባለውን የተራራ በር ይውጡ። ሥራው በታላቁ ረኀብ ዘመን፣ በ1847፣ ለተራበው ሕዝብ ለእህል መግዣ በሚሰጥ የቀን ሥራ ተጀምሮ ለረጅም ዘመን ሳያልቅ ቆይቷል። ስያሜውን ያገኘው የነጻው የአየርላንድ መንግሥት የመጀመሪያ ገዥ ጄኔራል ከነበሩትና የባንትሪ ተወላጅ ከሆኑት ከቲም ሂሊ ነው። ከ300 ሜትር በላይ ወዳለው አናት ሲደርሱ ሞተሩን አቁመው ወደ ኋላ ይመልከቱ፤ የወጡበት ጥምዝ በሙሉ ከእግርዎ በታች ተዘርግቶ ይታያል። ከዚያ ወደ ሎራክ ወርደው በአርድግሩም፣ በአይሪስና በቀድሞው የመዳብ ማዕድን መንደር በአሊሂስ በኩል ወደ ካስልታውንቤር ይዙሩ፤ ከዚያ ወደ ግሌንጋሪፍ ተመልሰው፣ ከዐለት በተፈለፈሉት ዋሻዎች ውስጥ በሚያልፈው ኤን 71 ወደ ኬንሜር ይሻገሩ። መንገዱ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ሙሉ ቀንም ሊሰጠው ይገባል።

በአራተኛው ቀን አብዛኛው ሰው 179 ኪሎ ሜትር የሆነውን የኬሪ ቀለበትን ይዞራል። አውቶቡሶቹ በሙሉ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ፣ ሞተረኛው ከኋላቸው ተከትሎ ጭስ መጠጣት ወይም በተቃራኒው ዞሮ በየጥምዙ ፊት ለፊት መገናኘት ይጠብቀዋል። ከሁለቱም የተሻለው መሐሉን ሰንጥቆ ማለፍ ነው፦ ከኬንሜር በኤን 71 ወደ ሞልስ ጋፕ ይውጡ፣ በአር 568 ጥቂት ሄደው ወደ ቀኝ በመታጠፍ ባላክቢማ የተባለውን ጠባብ የተራራ ስንጥቅ ያቋርጡ፣ በግሌንካር በኩልም ወደ ኪሎርግሊን ይውረዱ። ካርታው ላይ በአቅራቢያው የሚታየው የዳንሎ ሸለቆ የእግረኞችና የፈረስ ጋሪዎች መንገድ ስለሆነ በበጋ ቀን በሞተር ባይገቡበት ይመረጣል። ከኪሎርግሊን በካስልሜይንና በኢንች የአሸዋ ዳርቻ በኩል ዲንግል ይድረሱ፤ ሻንጣዎን አልጋዎ ዘንድ ያኑሩና፣ አውቶቡሶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ከ18:00 አካባቢ ጀምሮ፣ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የስሊ ሄድ ዙር በሰዓት አቅጣጫ ይዙሩ።

አምስተኛው ቀን በኮኖር ፓስ ይጀምራል። የበሩ ከፍታ ከ400 ሜትር ጥቂት ከፍ የሚል ብቻ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በርን ተሻግሮ ያደገ ሰው ቁጥሩን ሊንቀው ይችላል። ይሁን እንጂ ተራራው በቀጥታ ከውቅያኖሱ ስለሚነሣ ደመናው መንገዱ ላይ ይተኛል፣ ንፋሱም ሞተሩን ወደ ጎን ይገፋል። በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው ቁልቁለት ከሥሩ ገደል፣ ከላዩ የተንጠለጠለ ዐለት ያለበት ነጠላ መንገድ በመሆኑ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን ተሽከርካሪ ተከልክሎበታል። ጠዋት ደመናው ካልተነሣ በኤን 86 ይለፉ። ከትራሊ በሊስቶዌል በኩል ወደ ታርበርት ሄደው የሻነንን ወንዝ አፍ በመኪና ጫኝ ጀልባ ይሻገሩ፤ መሻገሪያው 20 ደቂቃ ያህል ሲሆን ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ዙር ያስቀራል። ጀልባው ቢያንስ በየሰዓቱ ስለሚመላለስ ቦታ ማስያዝ አያስጨንቅም። ከኪሊመር በሚልታውን ማልቤይና በላሂንች በኩል 214 ሜትር ወደሚደርሱት የሞኸር ገደሎች፣ ከዚያም ወደ ዱሊን ይሂዱ።

በስድስተኛው ቀን በአር 477 ብላክ ሄድን እየዞሩ የበረንን ራቁት የኖራ ድንጋይ ምድር ያያሉ፤ ከዚያ በባሊቮንና በኪንቫራ ወደ ጎልዌይ ይጓዙ። የጎልዌይ ከተማ መኪና ማታ ማታ ስለሚጨናነቅ ከ15:00 በፊት ማለፍ ያስፈልጋል። በኤን 59 እስከ ማም ክሮስ፣ ከዚያ በአር 336 እስከ ሊናን ይሂዱ፤ ከሊናን በኋላ የሚመጣው የዱሎክ ሸለቆ ነው። በ1849 የተራቡ ሰዎች እርዳታ ፍለጋ ከሉዊስበርግ በዚህ ሸለቆ በእግራቸው ተጉዘው፣ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ በመንገድ ላይ አልቀዋል፤ የመታሰቢያው የድንጋይ መስቀል በመንገዱ ዳር ቆሟል። ማደሪያው ዌስትፖርት ነው።

ሰባተኛው ቀን በኤን 5፣ በኤን 4 እና በኤም 4 ወደ ደብሊን የሚመለሱበት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኤም 4 ላይ ክፍያ አለ፤ በደብሊን ዙሪያ ያለው ኤም 50 ግን ሞተር ሳይክልን አያስከፍልም።

ዶኔጋልና የአንትሪም ዳርቻ በዚህ ዕቅድ ውስጥ አልገቡም፤ ሆን ተብሎ ነው። ኢንጂነር ዊሊያም ባልድ ከ1832 እስከ 1842 በገደል ሥር ያሠራው የአንትሪም ዳርቻ መንገድና በባሊመኒ ያለው የታላቁ ተወዳዳሪ የጆይ ደንሎፕ የመታሰቢያ አትክልት ሥፍራ ለሞተረኛ ትልቅ ትርጉም አላቸው፤ ሆኖም ከደቡብ ምዕራቡ ጋር በአንድ ሳምንት ሲጨመሩ ሁለቱም ወገኖች ይበላሻሉ። ሰሜኑ ለብቻው ከቤልፋስት የሚነሣ ሌላ ሳምንት ይፈልጋል።

6. መስመሩን ወደ መሣሪያ ማስገባት

አስቀድመው 1:400,000 በሆነው የሚሽሊን የወረቀት ካርታ ላይ መስመሩን በእርሳስ ይሳሉ፤ አጠቃላዩን ቅርጽ የሚያሳይ ስልክ የለም። ከዚያ በኩርቪገር ወይም በካሊሞቶ መተግበሪያ እያንዳንዱን ቀን ለየብቻው ይሥሩና ካርታው ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ወደ ስልክዎ ያውርዱት፤ በተራሮቹ መካከል ኔትወርክ ይጠፋል። ማለፍ የሚፈልጉበትን እያንዳንዱን የተራራ በር እንደ ነጥብ ያስገቡ፤ አለበለዚያ መሣሪያው ፈጣን ያለውን መንገድ ይመርጥልዎታል። ጠመዝማዛ መንገድ ምረጥልኝ የሚለውን ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ካደረሱት ደግሞ የገበሬ ግቢ በር ላይ ያደርስዎታል።

አድራሻ መፈለግ በአየርላንድ ገጠር ለየት ያለ ችግር አለው፤ ብዙ ቤቶች ቁጥር የላቸውም፣ የመንገድ ስምም የላቸውም። ከ2015 ጀምሮ ግን እያንዳንዱ አድራሻ ኤርኮድ የሚባል ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው የራሱ መለያ አለው። ማረፊያ ሲይዙ ይህን መለያ ይጠይቁ፤ ካርታው ላይ ሲያስገቡት በቀጥታ ደጃፉ ላይ ያደርስዎታል። የአየርላንድ ቋንቋ በሚነገርባቸው አካባቢዎች፣ ለምሳሌ ከዲንግል በስተምዕራብና በማም ክሮስ ዙሪያ፣ የመንገድ ምልክቶች በዚያ ቋንቋ ብቻ ስለሚጻፉ፣ የቦታዎቹን ሁለቱንም ስሞች በወረቀት ላይ ጽፈው ከሰልባትዮው ላይ ባለው ቦርሳ ያኑሩ።

7. ማረፊያ፣ ነዳጅና ምግብ

በየመንደሩ ቁርስ የሚሰጡ የቤተሰብ ማረፊያዎች ስላሉ በሜይና በጁን ከአርብና ከቅዳሜ በስተቀር ከሁለት ሳምንት በፊት መያዝ ይበቃል። ሲይዙ ሞተርዎን ከመንገድ ፈቀቅ አድርገው የሚያቆሙበት ግቢ መኖሩንና እርጥብ ልብስ የሚደርቅበት ቦታ መኖሩን ይጠይቁ፤ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ይሙሉ። በተለይ ከግሌንጋሪፍና ከኬንሜር ሲነሡ ሙሉ መሆን አለበት፤ የትናንሽ መንደር ማደያዎች ማታ ማታና እሑድ ቀድመው ይዘጋሉ። ቤንዚኑ ብዙውን ጊዜ በአረንጓዴ፣ ናፍጣው በጥቁር እጀታ ይለያል።

የመጠጥ ቤቶቹ ምግብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወጥ ቤቱ ወደ 21:00 ገደማ ይዘጋል። ጉዞው በሰኔ ጾም ላይ ከዋለ፣ የአትክልት ሾርባ የሚባለው ብዙ ጊዜ በክሬምና በቅቤ የሚሠራ መሆኑን ይወቁ፤ ቪጋን ብሎ መጠየቅ ረጅሙን ማብራሪያ ያስቀራል። መጠጥን በሚመለከት፣ በሪፐብሊኩ ሕጉ ለአሽከርካሪ የሚፈቅደው በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 50 ሚሊ ግራም አልኮል ብቻ ነው። ማታ የጠጡት ጠዋትም ደም ውስጥ ይገኛል።

8. ልብስና ዕቃ

የዝናብ ልብሱ ከመከላከያው ልብስ በላይ የሚደረብና ጫማ ሳይወልቅ የሚጠለቅ ይሁን። ሁለት ጥንድ ጓንት፣ ጉም የማይዝ የሄልሜት መስታወት፣ ከውስጥ የሚለበስ የሱፍ ሹራብ፣ ውኃ የማያስገባ ጥቅል ቦርሳ፣ የጎማ መድፈኛና ትንሽ መንፊያ፣ የካቴና ዘይት፤ ከዚህ ያለፈው ሸክም ነው። በዝናብ የሚታጠብ ካቴና በየሁለተኛው ማታ መቀባት አለበት።

9. በመንገዱ ላይ የሚጠበቁ አደጋዎች

በአየርላንድ የሚነዳው በግራ ነው፤ አደባባይም በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። በቀኝ መንዳት የለመደ ሰው የሚሳሳተው ብዙ መኪና ባለበት ቦታ አይደለም፤ በዚያ ሌሎቹን ይከተላል። የሚሳሳተው ጠዋት ከማደሪያው ሲወጣ፣ ከማደያ ሲነሣ፣ ፎቶ አንሥቶ ወደ ባዶ መንገድ ሲመለስ ነው። በሰልባትዮው ላይ ወደ ግራ የሚያመለክት ቀስት በፕላስተር ይለጥፉ፤ ሕፃንነት ቢመስልም ይሠራል።

ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 ባሉት ወራት ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ጊዜ በመሆኑ፣ ከተወሰኑ ምክንያቶች በቀር፣ የቁጥቋጦ አጥር መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። በበጋ የሚመጣ ጎብኚ እንግዲህ መንገዱን በጣም በጠበበበት፣ ጥምዙንም ከአጥሩ ወዲያ ምንም በማያይበት ወቅት ይነዳዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ በሚታይዎት ርቀት ውስጥ መቆም በሚችሉበት ፍጥነት ይንዱ፤ በነጠላ መንገድ ላይ ደግሞ በዚያ ርቀት በግማሹ፣ ፊት ለፊት የሚመጣው ሰውም የሚቆምበት ቦታ ይፈልጋልና። ከጥምዙ ወዲያ ሊኖር የሚችለው ትራክተር፣ ብስክሌተኛ ወይም አስፋልቱ ስለሞቀው የተኛ በግ ነው። ሣር ለከብት መኖ በሚታጨድበት ወቅት ትራክተሮች ጭቃና ፋንድያ በየመንገዱ ያንጠባጥባሉ። የመንገድ ሠራተኞችም በበጋ በአዲስ ሬንጅ ላይ ልቅ ኮረት ይበትናሉ፤ ማስጠንቀቂያውን ሲያዩ ከጥምዙ በፊት ፍጥነት ይቀንሱ፣ ጥምዙ ውስጥ የፊት ፍሬን አይንኩ። በኤል መንገድ ላይ በመካከሉ ያለው ሣር እርጥብ ሲሆን እንደ ሳሙና ስለሚያንሸራትት፣ አንዱን የጎማ መስመር ይዘው ይቆዩበት።

ከኋላ የአካባቢው ሰው ሲደርስብዎ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገው ወደ ግራ ቆመው ያሳልፉት፤ እርሱ ወደ ሥራው እየሄደ ነው። ከፊት የሚመጣው ገበሬ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ካነሣልዎ ሰላምታው ነው፤ ራስዎን ነቅነቅ አድርገው ይመልሱ። ለአደጋ ጊዜ በሪፐብሊኩም በሰሜኑም 112 ወይም 999 ይደወላል።

10. ዕቅዱን በየማታው ማስተካከል

ማታ ማታ ሜት ኤረን የተባለውን የአየርላንድ የአየር ትንበያ ተቋም ይመልከቱ። ማስጠንቀቂያዎቹ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ናቸው። ቢጫ የዝናብ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ከተራራ ወደ ቆላ መንገድ ይቀይሩ፤ ብርቱካናማ የንፋስ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ግን ሞተሩ ግቢ ውስጥ ይዋል። ይህ እንዲቻል በሰባቱ ቀናት ላይ ስምንተኛ፣ ምንም ያልተመደበለት ቀን ይጨምሩ፤ የመርከቡ ወይም የአውሮፕላኑ ትኬትም በዚያው መሠረት ይቆረጥ። ያ ቀን ሳይነካ ዌስትፖርት ከደረሱ፣ ሰልባትዮውን ሞልተው በድልድይ ወደ አኪል ደሴት ይሻገሩ፤ አትላንቲክ ድራይቭ የተባለውን የዳርቻ ዙር ዞረው መንገዱ እስከሚያልቅበት እስከ ኪም የባሕር ዳርቻ ድረስ ይሂዱና ለማደር ወደ ዌስትፖርት ይመለሱ።